ሌማቱ ሞላ ተባለ፤ የላሟ ሐኪም ግን ጾሙን ያድራል

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ አበው። የ2018 መስከረምም ጉዱን ይዞ ነው የጠባው። ለመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ተጨመረ ተባለ። በሬዲዮ ተነገረ፣ በቴሌቪዥን ተተነተነ፣ ነጋዴውም ሰማ፤ ሰምቶም የዘይቱንና የጤፉን ዋጋ ቀድሞ «አስተካከለ»። በዚያው ሰሞን ከጋሞ ደጋ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ደወለና፣ «ሰማህ ወይ? ሀብታም ሆኜልሃለሁ እኮ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

ይህ ጓደኛዬ የእንስሳት ጤና ቴክኒሽያን ነው። የእሱንም የወረዳውንም ስም አልጠራም፤ እንጀራው ነውና። ገበሬው «ዶክተር» ይለዋል። ጽሕፈት ቤቱ በስብሰባ ላይ «ባለሙያችን» ይለዋል። ፔሮሉ ላይ ሲደረስ ግን ማን እንደሆነ የሚያስታውሰው የለም።

ይህን የምጽፈው ሰው ነግሮኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጽሑፍ ይዤ በየጋዜጣው ደጃፍ መዞር ከመጀመሬ በፊት ዲፕሎማዬን ያገኘሁት በእንስሳት ጤና ነው። ከዚህ ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተምረን፣ በአንድ ቀን ተመርቀን፣ እዚያው ጋሞ ተመደብን። እሱ ቀረ። እኔ ሦስት ዓመት ሠርቼ ጥዬ ወጣሁ። የከዳተኛ ምስክርነት ነው ብትሉኝ አልከፋም፤ ከዳተኛ ቢያንስ የሸሸውን ነገር ያውቀዋል።

«የከብት ሐኪም» ሲባል ነጭ ጋውን ለብሶ የሀብታም ውሻ የሚያክም ሰው ለሚታየው የከተማ አንባቢ፣ እስኪ ሥራው ምን እንደሆነ ልንገረው። አርባ ምንጭ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ ሙዝና ሙቀት መሃል ነች። ከዚያ ወደ ጨንቻ፣ ወደ ዶርዜ፣ ወደ ዲታ ስትወጣ ግን ብርዱ አጥንት ይገባል። ቤቱ ሁሉ ዳገት ላይ የተለጠፈ ነው። መንገዱ ዝናብ ሲመጣ መንገድነቱን ይተዋል። በዕቅዱ ለሦስት ቀበሌ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይመደባል። ክሊኒክ የሚባለው፣ ካለ፣ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤትና ከብት ገብታ የምትያዝበት የእንጨት ማጠሪያ ነው።

አንድ የሐምሌ ሌሊት አይረሳኝም። አንድ አባት ባትሪ ይዘው በሬን ደበደቡ። «ዶክተር፣ ላሜ አምጣ አልወልድ ብላለች፤ ስለ እግዚአብሔር» አሉኝ። አንድ ሰዓት ተኩል በጭቃ ተጓዝን። ጥጃው አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ተሰንቅሯል። እጅጌዬን እስከ ትከሻዬ ሰብስቤ ገባሁበት። ረጅም ጓንት አልነበረኝም፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱ «አልቋል» ካለ አምስት ወሩ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ጥጃው ሞቶ ወጣ፤ ላሟ ግን ተረፈች። የቤቱ እመቤት ትኩስ ቡላ አቀረቡልኝ፣ አባትየው እጄን ይዘው መረቁኝ። ከዚያ ወርጄ ቢሮ ስደርስ ረፍዷል። የጠዋቱ ስብሰባ ላይ አልተገኘህም ተብዬ የግማሽ ቀን ደመወዝ ተቆረጠብኝ። የስብሰባው አጀንዳ ምን ነበር ብትሉኝ፣ «አርሶ አደሩን በቅርበት ስለማገልገል»! እንዲህ ያለውን ቀልድ ቀልደኛ እንኳ አይፈጥረውም።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት የሌሊት ተረኛ ክፍያ የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም። የሰው ሐኪም ቤት ውስጥ ያለው ነርስ ቢዘገይበትም፣ ቢሸራረፍበትም ተረኝነቱ ተረኝነት ተብሎ ይመዘገብለታል። ላም ግን በሥራ ሰዓት ብቻ ነው መሰል የምታምጠው! ደግሞ አደጋው። አባ ሰንጋ ከከብት ወደ ሰው ይተላለፋል። ላም የሚያስወርዳት ብሩሴሎሲስ እንግዴ ልጁን በባዶ እጁ የሚያወጣውን ሰው ይይዘዋል፤ ከያዘ ደግሞ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ለወራት አይለቅም። የእብድ ውሻ በሽታ የያዛት ላም አፍ ውስጥ «ምን ሰንቅሮባት ይሆን» ብሎ እጁን የሚከተው ይኸው ቴክኒሽያን ነው። አብሮኝ የሠራ አንድ ልጅ እንዲህ አድርጎ፣ ላሟ በማግስቱ ስትሞት ለክትባት አርባ ምንጭ ድረስ በራሱ ገንዘብ ወረደ። የአደጋ አበል ቢጠይቅ «መመሪያው አንተን አይመለከትም» ተባለ።

ወደ ጭማሪው ልመለስ። ቁጥሩ የመንግሥት ነው፣ የእኔ አይደለም። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ከፍ አለ። ዲግሪ ይዞ የሚቀጠረው ከ6,940 ወደ 11,500። ጣሪያው ከ21,492 ወደ 39,000። እርሳስ አንሱና አብረን እናስላ። ታች ያለው 26 በመቶ ገደማ አገኘ። ጀማሪው ባለ ዲግሪ 66 በመቶ። ላይኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው 81 በመቶ። ጭማሪው የመጣው ኑሮ ተወደደ ተብሎ አልነበረም ወይ? ታዲያ ጤፍ የተወደደው ለባለ 39 ሺው ብቻ ነው?! ዲፕሎማ ይዞ ከላም ኋላ የሚቆመው ሰው ከ6,000ውና ከ11,500ው መሃል አንድ ቦታ ተወሽቋል። ከዚያችው ላይ 7 በመቶ ለጡረታ ይሄዳል፣ ከ2,000 ብር በላይ ያለው ይገበርበታል፣ ቀጥሎ በየስብሰባው «ተስማምተናል» እየተባለ የሚቆረጠው መዋጮ አለ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ መቶን አለፈ። ቦት ጫማውም፣ የሞተር ጎማውም፣ ቤንዚኑም የሚገባው በዶላር ነው። ክትባቱ እንኳ ቢሾፍቱ ስለሚሠራ ነው እንጂ እሱንም ባላየነው ነበር።

ይህች ደመወዝ እንኳ ቀኗን ጠብቃ ብትመጣ ምንኛ በታደልን። በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በብዙ ወረዳዎች ደመወዝ ለወራት ሲዘገይ፣ መምህራን ጠመኔ ሲያስቀምጡ አይተናል። በአንዳንድ ቦታም «የማዳበሪያ ዕዳ ስላለ ነው» የሚል ምክንያት ከሹማምንት አፍ ተሰምቷል። እስኪ ይህን ነገር አስቡት! ገበሬው ቤት እየሄደ «የማዳበሪያውን ክፈል» ብሎ እንዲያስጨንቅ የሚታዘዘው የግብርና ሠራተኛው ነው። ገበሬው ሳይከፍል ሲቀር ደመወዙ የሚታገተው ደግሞ የዚያው ሠራተኛ ነው። ጓደኛዬ ቀን ዕዳ ሰብሳቢ፣ ማታ ሐኪም ሆኖ አንዱን በር ሁለቴ እንዳንኳኳ ነግሮኛል። «ቀን ስመጣ በራቸውን ይዘጉብኛል፤ ማታ ላሚቱ ስትታመም እኔኑ ይጠሩኛል፤ ያፍራሉ፣ እኔም አፍራለሁ» አለኝ። የእሱ ደመወዝ ሦስት ወር ቆይቶ ነበር። ምን በላህ ብለው፣ «ሁለት በግ ነበረችኝ፣ ሸጥኳት» አለ።

አቤት እንዳይል ደግሞ ወዴት? ነሐሴ 2015 ላይ አዲሱ ክልል ሲመሠረት ቢሮዎቹ በየከተማው ተከፋፈሉ። ወላይታ ሶዶ አለ፣ አርባ ምንጭ አለ፣ ዲላ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ለፖለቲካው ጥሩ ሚዛን ይሆን ይሆናል። ከዲታ ተራራ ማመልከቻ ይዞ ለሚወርደው ግን የአንድ ወር ደመወዙን አውቶቡስ ላይ የሚያስጨርስ ሚዛን ነው።

ደመወዙ አንድ ነገር ነው። እኔን ያስወጣኝ ግን ደመወዙ ብቻ አልነበረም። መሰላሉ ነው። ይህ ሙያ መሰላል አለው ቢባልም፣ እያንዳንዱ እርከን ከላሟ የሚያርቅ ነው። ዲፕሎማ ይዞ የገባ ቴክኒሽያን ሐኪም ልሁን ቢል እንደ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለዓመታት በሙሉ ጊዜ መማር አለበት። ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምር ኮሌጅ ይፈልጋል። እዚያ ያለው ማኔጅመንት ነው፣ አካውንቲንግ ነው። ተበድሮ ይማራል፣ ዲግሪውን ይይዛል፣ ከዚያ የሰው ኃይል ወይም የዕቅድ ክፍል ክፍት ቦታ ይጠብቃል። ከእኛ ክፍል በትምህርቱ አንደኛ የነበረው ልጅ፣ መርፌ ሲወጋ ከብቷ እንኳ የማይሰማት፣ ዛሬ በአንድ ወረዳ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ወንበር ይቆጥራል! አሥር ዓመት የገንዲ፣ የአባ ጎርባ፣ የጎሮርሳ ልምድ ከእሱ ጋር ቢሮ ገብቶ ተቆለፈበት። ያልተማረው ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት አንድ ደረጃ ላይ ቆሞ ትናንት ለመጣው ልጅ «አለቃዬ» ይላል። የቀረው ሲኬላ መጥቶ የመድኃኒት መሸጫ ይቀጠራል፣ ወይም ባጃጅ ይነዳል። እኔ ጋዜጠኛ ሆንኩ። (ይህም ያዋጣል ያለኝ የለም።)

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው የሌማቱ ነገር የመጣው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ጠቅላይ ሚኒስትራችን «የሌማት ትሩፋት» የተባለውን አገር አቀፍ ዘመቻ ያስጀመሩት የት ነው? አርባ ምንጭ! ያውም ጓደኛዬ ቀና ብሎ ከሚያያት ተራራ ሥር። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ማር... በሌማት ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ተጠራ። ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን የማናየው ላም የለም። ታጥባ፣ ታሽታ፣ ጡቷ ተንጠልጥሎ። ሐሳቡን አልቃወምም፤ ልጅ ወተት ይጠጣ ሲባል የሚቃወም ማን ነው? የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያች የውጭ ዝርያ ያላት ላም፣ ከአገሬዋ ይልቅ ለበሽታ የምትበረግገው፣ ቴሌቪዥኑ ከሄደ በኋላ ሌሊት ላይ ብትታመም ማን ነው የሚመጣው? አዳቃዩ ቴክኒሽያን ናይትሮጅን አለቀበት ሲባል፣ ሞተሩ ቤንዚን የለውም ሲባል፣ ያ ሁሉ ዘመቻ ላም አለኝ በሰማይ አይሆንም ወይ?

ለጋሞ ደጋ ገበሬ ላም ወተት ብቻ እንዳልሆነች ደግሞ ሹማምንቱ የሚያውቁት አይመስለኝም። እንሰቱ የሚቆመው በፍግ ነው፤ ገብሱም እንዲሁ። ላሟ ስትሞት መጀመሪያ ወተቱ ይቀራል፣ ቀጥሎ ጓሮው ይከሳል፣ ከዚያ ልጁ የሸማ መወርወሪያውን ይዞ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ይገባል።

«በጀት የለም» የምትለዋን ዘፈን አውቃታለሁ። በጀት የለም የሚሉት ግን የዚህን አገር ታሪክ ረስተው ነው። በ1880ዎቹ መባቻ ጣሊያን በምጽዋ በኩል ለጦሩ ባስገባው ከብት የተነሳ አንድ በሽታ ገባ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ ረገፈ ይባላል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ረሃቡ ተከተለ፣ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚጠሩት ያ ነው። በሽታውን «ደስታ» አሉት፤ ክፉን ነገር በደግ ስም መጥራት ያኔም ነበረ ማለት ነው። ያንን ደስታ ከዚህ አገር ማን አጠፋው? ሚኒስትር ነው? ካድሬ ነው? ሙቀት የሚቋቋም ክትባት በትከሻው ተሸክሞ ከአፋር በረሃ እስከ ቦረና በእግሩ የሄደ የእንስሳት ጤና ረዳትና አብሮት የሠለጠነ አርብቶ አደር ነው። በአፋር የመጨረሻው የታየው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነፃ መሆኗ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ተመሰከረ፣ በ2003 ዓ.ም. ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ለዚያ ረዳት ሐውልት ይቅርና የተረኛ ክፍያ እንኳ አልቆመለትም። አሁን ደግሞ በግና ፍየል የሚጨርሰውን «ደስታ መሰል» በሽታ በፈረንጆቹ 2030 ከዓለም እናጠፋለን ተብሎ ተፈርሟል። ማን ሊያጠፋው? የሸጣትን በግ ገንዘብ የሚበላው ጓደኛዬ ነዋ!

እዚሁ አርባ ምንጭ ቆላው ላይም ታሪክ አለ። በነጭ ሣርና በሐይቆቹ ዙሪያ፣ በስምጥ ሸለቆው ሁሉ የቆላ ዝንብ ገንዲ እያመጣ ከብት ያከሳል፣ ያስወርዳል፣ ይገድላል። በ1989 ዓ.ም. ገደማ ትልቅ ፕሮጀክት ተጀመረ። ቃሊቲ ላይ ዝንብ ማርቢያ ተሠራ፤ ወንዱ ዝንብ በጨረር እንዲመክን ተደርጎ ይለቀቃል፣ ሴቷ ከእሱ ጋር ስትገናኝ ሳትወልድ ትቀራለች። ከዚያ በፊት ግን የዝንቡን ብዛት መቀነስ ያስፈልጋል። ሰማያዊና ጥቁር ጨርቁን ወጥመድ በየጫካው የሚተክለው፣ የከብቱን ጀርባ መድኃኒት የሚቀባው፣ የተያዘውን ዝንብ የሚቆጥረው ዲፕሎማ ያለው ቴክኒሽያን ነው። የሰለጠነው ሲሄድ ወጥመዱ ይቀደዳል፣ ዝንቡም ዝንብ ነውና ይመለሳል።

ባዶ የቀረው ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቆይም። ገበያ ቀን ሂዱና እዩ። ጨርቅ አንጥፎ ከጨውና ከምላጭ ጎን የገንዲ መድኃኒት የሚሸጥ አለ። ከየት መጣ፣ መቼ ያልፍበታል፣ ዱቄቱስ ዱቄት ነው መድኃኒት? ገበሬው ምን ያድርግ? ቴክኒሽያኑ የለም። ገዝቶ በግምት በጥብጦ ራሱ ይወጋል። መጠኑ ሲያንስ ተሐዋሲው መድኃኒቱን ይላመዳል፤ ጊቤ ሸለቆ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ገንዲ ከተገኘ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገ ጫሞ ዳር አይደገምም የሚል ካለ ይንገረኝ።

«እኔ ከተሜ ነኝ፣ ምን አገባኝ?» የምትል አንባቢ ካለህ ደግሞ ሳህንህን ተመልከት። ቁርጥህን በአዋዜ ስትበላ፣ ኮሶ የሌለበት መሆኑን ያየልህ ቄራ የቆመው የዚሁ ሙያ ሰው ነው። ለልጅህ የምትገዛት ወተት የሳንባ ነቀርሳ ካለባት ላም አለመታለቧን፣ ትናንት ኦክሲ ከተወጋች ላም አለመሆኗን ሊነግርህ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። እሱ ደመወዙ ሦስት ወር ሲቆይ፣ ማኅተሙን ይዞ በር ላይ የሚጠብቀው ሥጋ ነጋዴ ብር ሲያሳየው ምን እንደሚሆን አንተው ገምት። አብዛኞቹ እንቢ ይላሉ፤ አውቃቸዋለሁ። ግን የአንድ ከተማ ጤና በተራበ ሰው ጨዋነት ላይ ብቻ እንዴት ይንጠለጠላል?

ግንቦት 2017 ላይ የሰው ሐኪሞችና ነርሶች «ደመወዛችን አያኖረንም» ብለው ሲነሱ ምን እንደተደረገ አይተናል። አድማው ሕገወጥ ተባለ፣ የታሰረ ታሰረ። ቢሆንም አገር ሰማቸው። የከብቱ ሐኪም ቢያድም ግን ማን ይሰማዋል? ላም ሰልፍ አትወጣ! በአፍሪካ አንደኛ ነን፣ 70 ሚሊዮን ከብት አለን ተብሎ በየመድረኩ ሲፎከር፣ ያንን 70 ሚሊዮን በሕይወት የሚያቆየውን ሰው ቁጥር ሲጠቅስ የሰማሁት ሹም የለም።

የሚጠየቀው ነገር ተራራ አይደለም። ደመወዙ በወሩ ይከፈል። የሌሊት ሥራው ሥራ ተብሎ ይመዝገብ። አባ ሰንጋ ለሚነካ እጅ ጓንትና የአደጋ አበል ይኑር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ላሟ አጠገብ ቆሞ የሚያድግበት ደረጃ ይሠራለት፤ አሥራ አምስት ዓመት የሠራ ቴክኒሽያን ዛሬ ከተቀጠረው እኩል የሚቆጠርበት፣ ሐኪም ልሁን ያለው ልምዱ ታስቦለት ሥራውን ሳይለቅ የሚማርበት መንገድ ይከፈት። ለነርሱ፣ ለጤና መኮንኑ የተሠራ መንገድ ለእሱ የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? ለስብሰባው አዳራሽ፣ ለባነሩ፣ ለቲሸርቱ፣ ለጉብኝቱ መኪና ቤንዚን የሚገኝበት ካዝና ለአንዲት ሞተር ሳይክል ሲሆን ብቻ የሚደርቀው ለምንድን ነው? የሚመለከታችሁ መልስ ካላችሁ ይህ ገጽ ክፍት ነው፤ እናወጣዋለን።

ይህን ጽፌ ከመጨረሴ በፊት ጓደኛዬን ደውዬ ላነብለት ሞከርኩ። ግማሽ ላይ አቋረጠኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማኛል። «ስሜን አልጻፍክም አይደል?» አለኝ። አልጻፍኩም አልኩት። «ደህና። ስለ በጓም ባትጽፍ ይሻል ነበር፣ ሰው ያውቀኛል» አለና ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ከሩቅ የሰው ድምፅ ተሰማ። «ቆይ፣ በር ላይ ሰው አለ... ጥጃ ነው መሰለኝ፣ ሆዷ ተነፍቶ ነው የሚሉት... በኋላ ደውልልኝ እሺ?»

ስልኩ ተዘጋ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ነበር።